ድስታችን መስታወት ውስጥ ገባ

ማትሐፍ አልወድም። ማትሐፍ በዐረብኛ ሙዚየም ማለት ነው፤ እኛ ካርቱም የኖርን ሰዎች ሙዚየም የሚለውን ቃል ረስተነዋል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። አምጃድ የምትባለውን፣ እዚህ ታክሲ የምትሆነውን ትንሽ ቫን እየነዳሁ ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፤ ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ወስጄ የማሳየው አባይ ዳር ያለውን ትልቁን ማትሐፍ ነበር። የድንጋይ ነገሥታቱን አሳያለሁ። ግብጽ ግድቧን ስትሠራ ውኃ ሊበላቸው የነበሩትን፣ ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው መጥተው ግቢው ውስጥ የተተከሉትን ቤተ መቅደሶች አሳያለሁ። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከነቅዱሳኑ ሥዕል ተልጦ የተሰቀለበት ጋ ስንደርስ የእኛ ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ሊሳለሙት ይጠጋሉ፤ ዘበኛው ይቆጣል፤ እኔ እስቃለሁ።

አሁን አልስቅም። መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ባየሁ ቁጥር የማስበው ሌላ ነው። ይሄ የማን ነበር? ከማን ማጀት ወጣ? ባለቤቱ ዛሬ በምን ይቀቅላል? ይህን ጥያቄ ያስተማረችኝ የሻሽወርቅ ናት። የእሷን ነገር ሳወራ ድምፄ ከፍ ስለሚል ሚስቴ አበባ "ኧረ ጎረቤት ይሰማል" ትለኛለች። ይስማ።

የሻሽወርቅ የጭልጋ ሰው ናት። በመተማ አድርጋ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም የገባችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። አል-ማንሺያ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ሠርታለች፣ የሰው ልጅ አሳድጋለች፤ በኋላ አናጢውን ጸጋዬን አግብታ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ሳጃና ጥግ፣ ቤት ተከራዩ። በርበሬና ሽሮ እያሰናዳች ለሳጃና ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ልጅ አልሰጣቸውም። ጸጋዬ ዝምተኛ ነው፤ የሱን ድርሻ እሷ ትናገርለታለች። አጭር፣ ፈጣን፣ አፏ እንደ በርበሬዋ የሆነ ሴት ናት።

የቅዱስ ሚካኤል እድራችን ዕቃ ጠባቂም እሷ ነበረች። እድር በሰው አገር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። እዚህ ወንድም የለህም፣ የአያትህ መቃብር የለም። ስትሞት የሚገንዝህ፣ ሳጥንህን የሚሸከም፣ ድንኳን የሚጥል፣ ለለቀስተኛ ንፍሮ የሚቀቅል እድርህ ነው። የመኖሪያ ወረቀትህ ቢጠፋ ተደብቀህም ቢሆን ትኖራለህ፤ እድር ከሌለህ ግን መሞት ትፈራለህ። ጸጋዬ የእድሩን የሬሳ ሳጥን ሁሉ የሠራ ሰው ነው። ለእንጨቱ እንጂ ለእጁ ተቀብሎ አያውቅም፤ "ለእኔም ቀን አንዱ ይሠራልኛል" ይል ነበር። የሻሽወርቅ ደግሞ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሳህኑን ትጠብቃለች። ከእሷ ጭልፋ ከመዋስ ከካፉሪ ሀብታም መኪና መዋስ ይቀላል እየተባለ ይቀለድባት ነበር።

ከዕቃው ሁሉ የበላዩ ባሻ ነበር። ባሻ ድስት ነው። አራት ጆሮ ያለው፣ ለማንሳት ሁለት ጎልማሳ የሚፈልግ፣ ውጭው በጥላሸት የጠቆረ የመዳብ ድስት ነው። በደርግ ጊዜ ከጎንደር በኩል የሸሸች አንዲት ሴት ከቤቷ ሌላውን ሁሉ ጥላ እሱን ግመል ላይ ጭና አመጣችው ይባላል። መንገድ ላይ ግመሉ ወድቆ ክዳኑ ተሰረጎደ። ከዚያ ወዲህ ክዳኑ እንዲሁ አይገጥምም፤ የተሰረጎደው ጎን ጸጋዬ በምስማር ካጠበቀው ጆሮ ጋር ሲገናኝ ብቻ ቁጭ ይላል። ሴትዮዋ ወራሽ ስላልነበራት ድስቱን ለእድሩ ሰጠች፤ መጀመሪያ የተቀቀለበትም የራሷ ለቅሶ ንፍሮ ነው። ከዚያ በኋላ ካርቱም የሞተ የእኛ ሰው ሁሉ በባሻ ተለቅሶለታል። የቀብራችንን ታሪክ የሚያውቅ ዕቃ ቢኖር እሱ ነው።

አብዮቱ የመጣ ጊዜ ሕዝቡ በጦሩ መምሪያ፣ ቂያዳ በምንለው ፊት፣ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ኢቲሳም አሉት። ቀን ቀን ዘፈን ነው፣ ንግግር ነው፣ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። እኛ የፋሲካን ጾም ፈትተን ሳምንት እንደሆነን እነሱ ረመዳን ያዙ። ያን ሁሉ ጿሚ ማን ያስፈጥረው? ሰፈሩ ሁሉ ድስት ፍለጋ ወጣ።

የየሻሽወርቅ የግድግዳ ጎረቤት ሉጥፊያ ትባላለች፤ ሱዳናዊት ናት። ኦመር የሚባል አንድ ልጅ ነበራት፣ መሐንዲስነት የሚማር። የእኛ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው በሉጥፊያ ግቢ ነው፤ የእኛ ግቢ አይበቃማ። ኦመርም ከታዳጊነቱ ጀምሮ ወንበራችንን ሲሸከም ያደገ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በጓደኛው ፒክአፕ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

"ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ድስቶቻችን ትንንሽ ናቸው። ያ ትልቁን፣ የሞታችሁን ድስት አውሺን" አላት።

እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በርበሬ ልጭንላት መጥቼ። ጭልፋ የማታውሰው ሴት ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "የሞት ድስት ብለህ ለሕይወት ልታበላበት ነው?" አለችው። ከዚያ ገብታ ዕቃ ቤቱን ከፈተችለት። ክዳኑን ግን አልሰጠችም። "ክዳኑ እኔ ጋ ይቆይ፤ ድስቱ ቤቱን እንዳይረሳ" አለች። ይህ የእሷ ልማድ ነው፤ የምታውሰውን ነገር አጉድላ ነው የምታውሰው፣ ቶሎ እንዲመለስ።

ማዋስ ብቻም አይደለም። ከሰዓት ከሰዓት እኔው እያደረስኳት ሄዳ ዓደሱን፣ ምስሩን ማለት ነው፣ ራሷ ትሠራ ነበር። መንገድ በተዘጋበት፣ ወጣቱ በየመታጠፊያው በሚፈትሽበት ጊዜ "የድስቷ እናት" ሲሏት ድንጋዩን እያነሱ ያሳልፉን ነበር። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔም ይህ አገር አገሬ የመሰለኝ በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ነው፤ ሌላውን ዘመን እንግዳ ነበርኩ።

በረመዳን መጨረሻ ገደማ፣ ገና ሳይነጋ፣ ወታደር ገባባቸው። የሆነውን ዓለም ያውቀዋል፤ እኔ አልደግመውም። ስልክ ተቋረጠ፣ መንገድ ተዘጋ። ኦመር አልተመለሰም። ሉጥፊያ ሆስፒታሉን፣ እስር ቤቱን፣ ሬሳ ቤቱን ዞረች። የሞተም የለ፣ ያለም የለ። ዛሬም ድረስ እንደዚያው ነው።

ይህ በሆነ በወሩ ከአባሎቻችን አንዱ ሞተና ባሻ ተፈለገ። የእድሩ ሊቀመንበር ምስጋናው ነው፤ ሳጃና ውስጥ የታወቀው ምግብ ቤት ባለቤት። ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አንቱታውን ነጥቄዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ይደረስበታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተሰበሰብንበት የሻሽወርቅን አስነስቶ ጠየቃት።

"ድስቱ የት አለ?"

"ለኢቲሳሙ አውሼው ነበር። አልተመለሰም።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም።"

"ማን ወሰደው?"

ዝም አለች። እኔ ልናገር ስነሳ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ኋላ መኪና ውስጥ ጠየቅኳት። "ስሙን ብጠራ እነዚህ ተሰልፈው ሉጥፊያ ቤት ይሄዳሉ። ልጇን ያጣች ሴት በር ላይ ቆመው ድስታችንን ይላሉ። አልጠራም" አለችኝ። ያ ዝምታ ግን ለወሬ በር ከፈተ። ሽጣዋለች ተባለ። ያን ሁሉ ዓመት ማንኪያ ያልጎደለባትን ሴት ሌባ ለማድረግ አንድ እሑድ በቃ። ደንቡ የእድር ንብረት ያጠፋ እስኪመልስ ድረስ ከነቤተሰቡ ይታገዳል ይላል፤ ምስጋናው አነበበው፤ እጅ ወጣ፤ አለቀ። እንዳትተካ እንደዚያ ያለ ድስት የሚቀጠቅጥ ሰው ኦምዱርማን ውስጥም አልተገኘም። ጸጋዬ በዚያን ጊዜ ኩላሊቱ መድከም ጀምሮት ነበር። ስብሰባው መሐል፣ ራሱ የሠራው ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ የሰልፍ ጊዜ ነው፤ የዳቦ ሰልፍ፣ የቤንዚን ሰልፍ፣ የጋዝ ሰልፍ። የሽግግሩ መንግሥት ነገ ነገ ይላል። ጸጋዬ ማሽን ላይ እየተኛ ደሙን ማሳጠብ ጀመረ፤ እኔ ነኝ የማመላልሰው። አንድ ቀን ከሆስፒታል ስንመለስ "ካሳሁን፣ ሞቱን አልፈራውም። የፈራሁት ማን ያነሳኛል የሚለውን ነው። የስንቱን ሳጥን ሠርቼ የእኔን ለማዘጋጃ ቤት ልተወው?" አለኝ። ዝምተኛ ሰው እንዲህ ሲናገር መሪ መያዝ ያቅታል።

ድስቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያገኘሁትም ሳልፈልገው ነው። መንገደኛ ይዤ ካፉሪ ሄድኩ። ከድሮው መንግሥት ሰው የተወረሰ አንድ ቪላ ማትሐፍ ሆኗል፤ የመንግሥቱ ማትሐፎች ሁሉ ታናሽ፣ የሕዝቡን ትዝታ የሚሰበስብ ነው አሉኝ። የእኛ ሴቶች ስንት ዘመን ያጸዱት እብነ በረድ ነው። ውኃ ልጠጣ ገባሁና ሳሎኑ መሐል ባሻን አየሁት። በመስታወት ተከቦ፣ ከላይ መብራት በርቶለት፣ አራት ጆሮውን ዘርግቶ ተቀምጧል። የጸጋዬ ምስማር ጆሮው ላይ ነው። ሥሩ ላይ ያረረ ምስር ደርቋል። ከፊቱ ካርድ አለ። "ድስት፣ ከኢቲሳሙ ሜዳ። ባለቤቱ ያልታወቀ" ይላል።

ያልታወቀ። ማንን ጠይቃችሁ አጣችሁ? መንገደኛዬን ረስቼ ወደ ዴም በረርኩ።

በማግስቱ የሻሽወርቅ ነጭ ለብሳ፣ ክዳኑን በነጠላ ጠቅልላ አቅፋ መጣች። ሉጥፊያም አብራን ሄደች፤ ለእሷ የሻሽወርቅ ራሷ ነገረቻት። የተቀበለችን ጀሚላ የምትባል የማትሐፉ ሠራተኛ ናት፤ ወጣት፣ የተማረች፣ እሷም ኢቲሳሙ ላይ የነበረች። የሻሽወርቅ መስታወቱ ጋ ደርሳ ቆመች። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወደ ጀሚላ ዞራ በዐረብኛ፣

"ሳይታጠብ?" አለቻት።

ጀሚላ አልገባትም።

"ሰው ፊት ያስቀመጣችሁት ሳይታጠብ ነው? ያረረው ላዩ ላይ እንዳለ? እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ይሄን አይቶ የየሻሽወርቅ ድስት ነው ቢል ምን ይውጠኛል?"

ጀሚላ ሙዲሩን፣ ኃላፊውን፣ ጠራችው። በሽር ይባላል፤ ትሑት ሰው ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው እኔ አብልጬ እፈራለሁ። ድስቱ ምን ያህል ክቡር እንደሆነ ያስረዳት ጀመር። ከድንጋይ ነገሥታቱ፣ ከውኃ ከተረፉት ቤተ መቅደሶች፣ ከኸሊፋው ጦርና ጋሻ ቀጥሎ የአገሩ ማትሐፎች ተራ ሕዝቡን ማስቀመጥ የጀመሩት በዚህ ድስት ነው አላት። በድስቱ ለምን እንደተቀቀለ ለቀቀለችው ሴት ይነግራታል። ለቀባሪው አረዱት ይሉሃል ይሄ ነው።

"የእናንተ ለመሆኑ ማስረጃ አለ?" አላት በመጨረሻ፣ በትሕትና።

ነጠላውን ፈታችና ክዳኑን አወጣች። መስታወቱን ከፈቱላት። ክዳኑን ጫነች፤ አልገጠመም፤ በሽር ጀሚላን አየት አደረገ። የሻሽወርቅ ክዳኑን ዞር፣ ዞር አድርጋ ስርጉዱን ከምስማሩ ጆሮ አገናኘችው። ቁጭ አለ። ክዳኑ ሲገጥም የሚያወጣው ድምፅ ነበረው ባሻ፤ ለቅሶ ቤት የምናውቀው ድምፅ ነው። ሉጥፊያ ያን ስትሰማ መሬት ተቀመጠች።

ጀሚላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። የሻሽወርቅን አቀፈቻት። "አላህ ይስጥሽ፣ ክዳኑ ጠፍቶብን ነበር" አለቻት።

ክዳኑ ጠፍቶብን ነበር! ሰው ዕቃውን ሊወስድ ይመጣል፣ እነሱ የቀረውን ያመጣላቸው ይመስላቸዋል። በሽርም ደስ አለው፤ አሁን ሙሉ ሆነ አለ። ድስቱን ስለ መመለስ ስትጠይቀው ግን ፊቱ ወደ መሥሪያ ቤት ፊት ተቀየረ። በአገሪቱ ማትሐፎች ስም የተመዘገበ ዕቃ የአገር ቅርስ ነው፤ የሚወጣው በሚኒስትር ውሳኔ ነው፤ ሚኒስትሩ ደግሞ ገና አልተሾመም። ኢንሻላህ ሲሾም። ላም አለኝ በሰማይ።

የሻሽወርቅ ይህን ሁሉ ስትሰማ እጇ ሥራ አልፈታም። በጥፍሯ ያረረውን ምስር መፋቅ ጀምራ ነበር። ጀሚላ ጮኸች። እጇን ይዛ "ተዪው፣ እሱ ነው ዋናው፣ የዚያ ጠዋት ነው" አለቻት። ተመልከቱ፤ ድስቱን የሠራው አይደለም ዋናው፣ ያበላው አይደለም፣ ያረረው ነው። የሻሽወርቅ እጇን ሰበሰበች። ክዳኑን አንስታ መልሳ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ጀሚላ ተከትላን ወጣች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። "ቢያንስ ካርዱ ላይ ስምሽን ልጻፍ" አለች።

"ስሜን ምን አደርገዋለሁ? ድስቱ ነው የሚያስፈልገኝ፤ ባሌ ታሟል። መጻፍ ካማረሽ የኦመርን ጻፊ። የተሸከመው እሱ ነው።"

ሉጥፊያ የልጇን ስም ከነአባቱ ነገረቻት። ጀሚላ እስክሪብቶ እንጂ ወረቀት ስላልያዘች መዳፏ ላይ ጻፈችው።

አሁን ምስጋናውን መንገር ነበረብን። ድስቱ ተገኝቷል፤ አልተሸጠም፤ እድሩ እንደ እድር ሄዶ ቢጠይቅ ክብደት ይኖረዋል ብለን። የኦመርንም ስም ነገርነው፤ ሉጥፊያ ራሷ ንገሩት አለች። ምስጋናው ሰማና ከረባቱን አስሮ ብቻውን ካፉሪ ሄደ። እዚያ ምን እንዳጠጡት አላውቅም። ሲመለስ ሌላ ሰው ነው። ታላቅ የምረቃ በዓል ሊደረግ ነው፣ አምባሳደሮች ይመጣሉ፣ ቴሌቪዥን ይመጣል ይላል።

በዓሉ ቀን እኔም ሄድኩ። የሻሽወርቅ ከነክዳኗ እበር ላይ ቆማለች፤ የጥሪ ወረቀት የለሽም ብለው አላስገቧትም። እኔ ሾፌር መስዬ ገባሁ። ምስጋናው መድረክ ወጥቶ በወንድማማች ሕዝቦች ስም፣ በአባይ ልጆች ስም፣ በኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ስም ይህን ታሪካዊ ድስት አበረከትን አለ። ተጨበጨበ። ድስቱን እያቀፈ ፎቶ ተነሳ፤ መስታወቱ እሱን ሲጠብቅ ተከፍቶ ነበር። አዲስ ካርድ ተደረገ። "ከኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የተበረከተ፣ በአቶ ምስጋናው እጅ" ይላል። ኦመር የሚል የለበትም። ጀሚላን ፈልጌ አገኘኋት፤ ጥግ ቆማ ነበር። ጽሑፉን የሚያጸድቀው የበላይ ነው፣ የጠፉት ስም ገና በይፋ አልወጣም አሉኝ አለች። ስትናገር መዳፏን ጨብጣ ነበር።

እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። "ድስቱ ተገኝቷል፣ የየሻሽወርቅ እገዳ ይነሳ" አልኩ።

ምስጋናው ፈገግ አለ። "ደንቡ እስኪመለስ ድረስ ይላል። ድስቱ ለእድሩ መች ተመለሰ? ስጦታ ሆነ እንጂ።"

"ሰጪው ማነው? ማን ፈቀደልህ?" አልኩት። አንቱታው ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወደቀው። "እሷ ለተራበ ሰው ብታውስ ሌባ፣ አንተ ለመስታወት ብትሰጥ ባለውለታ? የሙታናችንን ድስት ለፎቶ ሸጥከው!"

ሥርዓት ያዝ ተባልኩ። ወንዶቹ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ስንቶቹ በዚያ ድስት እናታቸውን፣ ሚስታቸውን አልቅሰዋል፤ አንድም ቀና ያለ የለም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሥራ ያላቸው አሉ፣ በዱቤ የሚበሉ አሉ፣ የወረቀት ጉዳያቸውን የሚያስፈጽምላቸው አሉ። ይገባኛል። ይገባኛል ማለት ግን ይቅር አልኩ ማለት አይደለም።

ጸጋዬ በዚያው ክረምት አረፈ። ማሽኑ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ መብራት ደግሞ ይጠፋ ነበር። የእድሩ ጥሩንባ አልተነፋም፣ ድንኳኑ አልመጣም። የሻሽወርቅ አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጣ በሩን ታያለች፤ በሩ ግን ዝም ብሏል። ያን ጊዜ ያየሁትን ፊቷን እስክሞት አልረሳውም። ማልቀስ አልጀመረችም ነበር፤ ማን እንደሚመጣ ሳታውቅ እንዴት ትጀምር?

መጀመሪያ የመጣችው ሉጥፊያ ናት። የግቢዋን በር ሁለቱንም ክንፍ አስከፈተች፤ የሰፈሩ ሱዳናውያን አንሶላና ሸራ እያሰሩ ጥላ ዘረጉ። ጸጋዬ እንጨት ማለስለስ ያስተማረው አንድ የገበያ አናጢ፣ ሙስሊም ነው፣ በሳጥናችሁ ላይ መስቀል ከየት በኩል ነው የሚደረገው ብሎ ጠይቆኝ ሳጥኑን ሠራ። ከዚያ አበባ ከእኛ ቤት ድስት ይዛ ወጣች። እሷን ያየች አንዲት ጎረቤት የራሷን ይዛ ወጣች። እስኪረፍድ የእድሩ ሴቶች፣ የዝም ባዮቹ ሚስቶች፣ እያንዳንዳቸው የቤታቸውን ትንሽ ድስት አቅፈው በሳጃና መንገድ ይመጡ ነበር። ማንም አልጠራቸውም። ንፍሮው ከየድስቱ ሌላ ሌላ ጣዕም ነበረው፤ አንዱ ጨው የበዛበት፣ አንዱ ያልበሰለ። ቀበርነው።

በሦስተኛው ቀን፣ በሥልስቱ፣ ምስጋናው ሁለት የኮሚቴ ሰው አስከትሎ መጣ። ለቀስተኛ አይመለስምና ገባ፤ እንደ ልማዱ ፊት ለፊት፣ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ደንብ ሆኖብን ነው እንጂ ጸጋዬ ወንድማችን ነበር" አላት።  እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ልሰድበው ስነሳ አበባ ኮቴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

የሻሽወርቅ ተነሳች። ወደ ቤቷ ገባችና በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። ነጠላውን ፈትታ ክዳኑን ምስጋናው ጉልበት ላይ፣ በሁለት እጇ፣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ጎንበስ ብላ አስቀመጠችለት።

"ጋሽ ምስጋናው፣ ይሄ ቀርቶብዎታል። ስጦታዎ ጎደሎ እንዳይሆን ወስደው ይስጡላቸው" አለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ተመልሳ ፍራሿ ላይ ተቀመጠች፣ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው።

ክዳኑ ሰፊ ነው፤ ከጉልበቱ አልፎ ደረቱ ጋ ደረሰ። የሚያስቀምጥበት ቦታ በዓይኑ ፈለገ፤ መሬቱ ንፍሮ የሚያድሉ ሴቶች መተላለፊያ ሆኗል። አብረውት የመጡት ሰዎች እጃቸውን አልዘረጉም። ሉጥፊያ ሳህን ተሸክማ ከወዲያ ጀምራ እያደለች መጣች፤ አማርኛ አትችልም፣ የተባለው ቃል አልገባትም። እሱ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን አየችው፣ ከዚያ ሳህኑን አጠገቡ ለተቀመጠው ለእኔ ሰጥታ አለፈች።